ስለ እንግሊዝ ባላባቶች ስትጽፉ ገንዘቡ ከየት እንደመጣም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ እንግሊዝ ባላባቶችና ስለ ትልልቅ ቤቶቻቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ሊድስ ሆኜ በስልኬ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ጽሑፉም አይከፋም። አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። የሄርውድን ቤት ስታነሱ «ጥንታዊና የተከበረ ቤተሰብ» ብላችሁ አለፋችሁት። ስለ ግንቡ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ሥዕሎቹ ብዙ ተባለ፤ ይሄ ሁሉ በማን ገንዘብ እንደተሠራ ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። እኔ የምኖረው ከዚያ ቤት በአውቶቡስ ብዙ በማያስኬድ ርቀት ላይ ነው። ታሪኩን እዚያው ቤቱ ውስጥ ለጎብኚ ሁሉ ይናገሩታል። ባለቤቶቹ ራሳቸው ያልደበቁትን እኛ ምን ቤት ነንና ነው የምንዘለው?

ስለዚህ የጎደለውን ልሙላ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሄርውድ ባለቤት የሆነው ላሴልስ የሚባለው ቤተሰብ መጀመሪያ ዮርክሽር በሚባለው የሰሜን እንግሊዝ አውራጃ ውስጥ ኖርዛለርተን በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ የሚኖር ባለመሬት ነበር። መሬት አላቸው፣ ግን ስማቸው ከአካባቢው ብዙም አይርቅም። ነገሩን የቀየረው በ1690 የተወለደው ሄንሪ ላሴልስ ነው። ወጣት ሳለ ባሕር ተሻግሮ ባርቤዶስ የምትባል የካሪቢያን ደሴት ገባ። ብሪጅታውን ወደብ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነ። ደሴቲቱ ያኔ የእንግሊዝ የስኳር ማሳ ነበረች፤ ስኳሩን የሚያመርቱት ደግሞ ከአፍሪካ በመርከብ ተጭነው የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ሄንሪ ቀረጥ ይሰበስባል፣ ለባሕር ኃይሉ ስንቅ ያቀርባል፣ በባሪያ ንግድ ውስጥ ድርሻ አለው፣ ለእርሻ ባለቤቶች ገንዘብ ያበድራል። በቀረጡ ሥራ አጭበርብሯል ተብሎም ምርመራ ተደርጎበታል። ኋላ ለንደን ገብቶ የስኳር ንግድ ቤት ከፈተ፤ በ1730ዎቹ መጨረሻም ከ60 ሺህ ፓውንድ በላይ አውጥቶ የሄርውድን ርስት ገዛ። በእናንተ ጽሑፍ «ጥንታዊ» የተባለው የቤተሰቡና የሄርውድ ትስስር እንግዲህ ከዚህ ግዢ ይጀምራል።

ብድሩን ትንሽ ላብራራው፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነውና። ባርቤዶስ ወይም ጃማይካ ያለ የአገዳ እርሻ ባለቤት ወፍጮ መትከል፣ የመዳብ ማፍያ ጋን መግዛት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው መግዛት አለበት። ገንዘቡን ከላሴልስ ቤት ይበደራል። መያዣው መሬቱና መሬቱ ላይ ያሉት ሰዎች ናቸው። ስኳሩን ሲያመርት ደግሞ ለንደን ላለው ለዚያው ለላሴልስ ቤት ይልካል፣ እነሱም ሸጠው ኮሚሽናቸውን ይቆርጣሉ። የስኳር ዋጋ ወረደ፣ ማዕበል እርሻውን ጠረገው፣ ወይም ጦርነት መርከብ አስቀረ እንበል። ወለዱ ግን አይቆምም። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው እርሻው ከነሰዉ ወደ አበዳሪው ይዞራል። በተለይ ከ1770ዎቹ ጀምሮ በባርቤዶስ፣ በጃማይካ፣ በግሬናዳና በቶቤጎ ብዙ እርሻ ላሴልሶች እጅ የገባው በዚህ መንገድ ነው። በዚያን ጊዜው የንብረት ዝርዝር ላይ ሰዎቹ በስማቸው ተመዝግበው ከከብቱና ከጋኑ ጋር ዋጋ ይወጣላቸው ነበር።

ቤቱን ያሠራው ልጁ ኤድዊን ነው። በ1759 ተጀመረ፣ በ1771 ተገባበት። ዘመኑ ያፈራው ምርጥ ባለሙያ ሁሉ ተጠራ፦ ለሕንፃው ጆን ካርና ሮበርት አዳም፣ ለመስኩ ኬፓቢሊቲ ብራውን፣ ለቤት ዕቃው ቶማስ ቺፕንዴል። ሥራው በእርግጥ ድንቅ ነው፣ ይሄን አልክድም። ጋለሪ በሚባለው ረጅም አዳራሽ መስኮቶች አናት ላይ ከባድ መጋረጃ ተጎንጉኖ የተንጠለጠለ ይመስላል። ጠጋ ብለህ ስታየው ጨርቅ አይደለም፣ እንጨት ነው። ቺፕንዴል እጥፋቱን አንድ በአንድ ከእንጨት አስቀርጾ፣ ቀለም አስቀብቶ ነው ያሰቀለው። ጎብኚ ሁሉ እዚያ ጋ ቀና ብሎ ይቆማል። እኔም ቆሜያለሁ፤ የሚቆጨኝ ቤቱ ይህን ያህል ዕዳ ተሸክሞ መቆሙ ነው።

ወደ ማዕረጉ ልምጣ። እንግሊዝ ውስጥ በዘር የሚወረስ ማዕረግ ንጉሡ በሚሰጡት ደብዳቤ ይጀምራል፣ ደብዳቤው ደግሞ ማን ከማን እንደሚወርስ ይወስናል፤ ብዙውን ጊዜ ከወንድ ልጅ ወደ ወንድ ልጅ። ኤድዊን በ1790 ባሮን ሄርውድ ተባለ። ልጅ ስላልነበረው በ1795 ሲሞት ማዕረጉ አብሮት ሞተ። ርስቱ ግን አልሞተም፣ ባርቤዶስ ለተወለደው ለአጎቱ ልጅ ለኤድዋርድ ላሴልስ አለፈ። ገንዘቡና መሬቱ እስካሉ ድረስ ማዕረግ እንደገና አይጠፋም፦ ኤድዋርድ በ1796 ባሮን፣ በ1812 ደግሞ ከባሮን ከፍ ያለውን የኧርል ማዕረግ አገኘ። ወደቡ ላይ ቀረጥ ከሚሰበስበው ሄንሪ እስከ ኧርልነት መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ። ስኳሩ ብድር ወለደ፣ ብድሩ መሬት፣ መሬቱ የፓርላማ ወንበር፣ ወንበሩ ማዕረግ።

የፓርላማው ነገር ሲነሳ የ1807ቱን የዮርክሽር ምርጫ መዝለል አይቻልም። ለሁለት ወንበር ሦስት ሰው ተወዳደረ፦ የባሪያ ንግድን ለማስቆም ዕድሜውን የታገለው ዊልያም ዊልበርፎርስ፣ ከሌላ ትልቅ የባላባት ቤት የመጣው ሎርድ ሚልተን፣ እና ያኔ ገና ባሮን የነበረው የኤድዋርድ ልጅ፣ ሌላው ሄንሪ ላሴልስ። የባሪያ ንግዱን የሚከለክለው ሕግ የጸደቀው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ድምፅ መስጠቱ 15 ቀን ፈጀ። ላሴልሶችና የሚልተን ቤተሰብ በየፊናቸው ወደ 100 ሺህ ፓውንድ እንዳፈሰሱ ይነገራል፣ በዚያ ዘመን ገንዘብ! ዊልበርፎርስ 11,808 ድምፅ አገኘ፣ ሚልተን 11,177፣ ላሴልስ 10,990። በ187 ድምፅ ተሸነፈ። የቤተሰቡ የባርቤዶስ ሀብት በዘመቻው ላይ ደጋግሞ ተነስቶበታል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረ የዮርክሽር ገበሬ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ለዚህም ነው በእኛ ዘመን የወጣ ጽሑፍ ሲዘለው ያናደደኝ።

ባርነት በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በ1833 በሕግ ሲሻር መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበ። ለማን? ለባለቤቶቹ። ሁለተኛው ኧርል፣ ያው በምርጫው የተሸነፈው ሄንሪ፣ በባርቤዶስና በጃማይካ በነበሩት ስድስት እርሻዎች ላይ ለተያዙ 1,277 ሰዎች 26,307 ፓውንድ ተቀበለ። በአማካይ ሲሰላ ለአንድ ሰው 20 ፓውንድ ከምናምን ነው። ለሰዎቹ ግን ሰባራ ሳንቲም አልተሰጣቸውም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ «ሥራ መልመጃ» ተብሎ እስከ 1838 ድረስ ለዚያው ጌታ ያለ ደመወዝ ሲሠሩ ቆዩ።

አሁን ይሄን አንብቡልኝ። ለዚያ ካሳ መንግሥት ገንዘብ ተበድሮ ነበር፤ ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። ከ2015 በፊት እዚህ አገር የሠራ፣ ከደመወዙ ግብር የተቆረጠበት ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ሆስፒታል የሚያጸዳው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ መጋዘን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን የሚያነሳው፣ ለባሪያ ባለቤቶች የተሰጠውን ካሳ በማያውቀው መንገድ ከፍሏል ማለት ነው። የባርቤዶስና የጃማይካ ልጆችም እንዲሁ። ቅድመ አያቶቻቸው ለተሸጡበት ሒሳብ እነሱ ከፈሉ። ይሄን ሳውቅ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የኋለኛው ታሪክ በደንብ የሚታወቅ ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ስድስተኛው ኧርል በ1922 የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛን ልጅ ልዕልት ሜሪን አገባ። እሱ በ1947 ሲሞት የውርስ ግብሩ ከባድ ስለነበር ብዙ መሬት ተሸጠ፣ በ1971 ደግሞ ታዋቂው የጣሊያናዊው ሠዓሊ የቲሺያን ሥዕል ለሽያጭ ወጥቶ ዛሬ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ይገኛል። ሰባተኛው ኧርል የንግሥት ኤልሳቤጥ የአክስት ልጅ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች ተማርኮ ኮልዲትዝ በሚባለው የምርኮኞች ግንብ ታስሯል፣ ኋላ ዕድሜውን ለኦፔራ ሰጠ። ቤቱ ከ1986 ጀምሮ በበጎ አድራጎት ድርጅት ሥር ነው፣ መሬቱ ግን የቤተሰቡ ነው። ባርቤዶስ የነበራቸው የመጨረሻ እርሻ የተሸጠው እኮ በ1970ዎቹ ነው፤ ሩቅ ዘመን አይደለም።

አሁን ያለው ስምንተኛው ኧርል ዴቪድ ላሴልስ ፊልም አዘጋጅ ነበር። ስለ ማዕረግ ሕግ ግትርነት ማወቅ የሚፈልግ የእሱን ቤት ይመልከት፦ የመጀመሪያ ወንድ ልጁ ወላጆቹ ከመጋባታቸው በፊት ስለተወለደ ማዕረጉን መውረስ አይችልም፣ ከጋብቻ በኋላ ለተወለደው ታናሹ ነው የሚያልፈው። አባት አንድ፣ እናት አንድ። ሴቷ በኩር ደግሞ ከነጭራሹ አትቆጠርም። በ21ኛው ክፍለ ዘመን ይሄ ሕግ መኖሩ አግባብ አይመስለኝም። ፓርላማው በ1999 አብዛኞቹን ወራሽ ባላባቶች ከሎርዶች ምክር ቤት ሲያስወጣ 92ቱን አስቀርቶ ነበር፤ ያንንም ለመዝጋት በ2024 ሕግ ቀርቧል። ጥሩ አደረጉ።

ስለ ሰውየው ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። አልሸሸም። የቤተሰቡ የባርነት ዘመን ወረቀቶች ለተመራማሪ ክፍት ሆነዋል። በ2011 የቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ከ1780 ጀምሮ የተቀመጠ የባርቤዶስ ሩም ተገኘ፣ ጠርሙሶቹ አቧራና የሸረሪት ድር ለብሰው። በ2013 ለንደን በጨረታ ተሸጠ፣ ገንዘቡም ሊድስ ላሉ የካሪቢያን ተወላጆችና ለሌሎች ወጣቶች የኪነ ጥበብ ሥራ ለሚያግዝ ድርጅት ተሰጠ። የሊድስ የካሪቢያን ካርኒቫልን በ1967 የመሠረቱት የአርተር ፍራንስ ፎቶ ከባላባቶቹ ሥዕሎች ጋር ተሰቅሏል። ተዋናዩ ዴቪድ ሄርውድ ደግሞ ስሙ ራሱ የመጣው ከዚህ ቤት ነው፤ ቅድመ አያቶቹ በላሴልሶች እርሻ ላይ በባርነት ነበሩ። ከኧርሉ ጋር ፊት ለፊት ተነጋግረዋል፣ የእሱም ምስል በ2023 እዚያው ተሰቅሏል። በዚያው ዓመት ኧርሉ ከሌሎች የባሪያ ባለቤቶች ዘሮች ጋር ሆኖ መንግሥት ለካሪቢያን አገሮች ካሳ እንዲከፍል የሚጠይቅ ቡድን ውስጥ ገባ።

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ፎቶ መስቀል አንድ ነገር ነው፣ ሒሳብ መክፈል ሌላ ነገር። መሬቱ ዛሬም ኪራይ ያስገባል። ከዚያ ገቢ በየዓመቱ የታወቀ ድርሻ ባርቤዶስና ጃማይካ ላሉ ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ቢሄድ፣ በፈቃድ ሳይሆን በጽሑፍ በታሰረ ውል፣ እኔ ያኔ ነው ተከፈለ የምለው። መንግሥትም ለባለቤቶቹ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ማግኘት ካላቃተው ለተበዳዮቹ ልጆች ማግኘት አያቅተውም።

ለናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። ተከታታይ ጽሑፍ ከሆነ፣ ቀጣዩን ስለ ባሮን ኔፒር አድርጉት። ሮበርት ኔፒር በ1868 መቅደላ ድረስ ጦር መርቶ ዘመተ፣ አፄ ቴዎድሮስ እዚያ ሞቱ፣ ቅርሱ ተጭኖ ሄደ፣ ልዑል ዓለማየሁም ተወሰዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ለኔፒር የተሰጠው ማዕረግ «የመቅደላው ባሮን ኔፒር» የሚል ነው፤ ማዕረጉ በዘር እየተላለፈ አሁንም አለ። የሄርውድን ታሪክ ያነበበ ሰው ያንንም ማወቅ ይፈልጋል። ስትጽፉት ግን እባካችሁ ከግንቡና ከፎቶው ጋር ከመቅደላ የወጣው ንብረት ዛሬ የትኛው ቤተ መዘክር ውስጥ እንዳለ አብራችሁ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሊድስ