ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «እንግሊዝኛ ተማሪ»፦ ለሜሪላንድ ስቴት የትምህርት ቦርድ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የቦርድ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ከልጄ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የሚመጣልኝን ወረቀት ለመረዳት ሰው ስለምን ኖሬአለሁ። አንድ ጊዜ እናንተም ሰው ፈልጋችሁ ብታስነብቡ አይከፋኝም። ደግሞም ደብዳቤው ለእናንተ ብቻ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተንና ታኮማ ፓርክ ያሉ እንደኔ ዓይነት እናትና አባቶችም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የተወለደው እዚሁ ሜሪላንድ ነው። ኪንደርጋርተን ላስመዘግበው ስሄድ አንድ ቅጽ ሰጡኝ። ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው ይላል። «አማርኛ» ብዬ ሞላሁ። ሌላ ምን ልጽፍ? ልጁን ፈተኑትና የእንግሊዝኛ ድጋፍ ያስፈልገዋል ብለው «እንግሊዝኛ ተማሪ» አሉት። ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም። ድጋፍ ማን ይጠላል? አንድ ሁለት ዓመት ተምሮ ይወጣል ብዬ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ደርሶም አልወጣም።

ይህንን ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። ትምህርት ቤት ሄጄ ካውንስለሯን «ልጄ የሙዚቃ ባንድ መግባት ይፈልጋል፣ ለምን አላስገባችሁትም?» አልኳት። ኮምፒውተሯን አየችና «ያ ፒሪየድ በኢሶል ተይዟል» አለችኝ፤ ለ«እንግሊዝኛ ተማሪዎች» በሚሰጠው የድጋፍ ክፍል ማለቷ ነው። ኢሶል? የማን ኢሶል? የኔን እንግሊዝኛ የሚያርም ልጅ! ከኢንሹራንስ ጋር በስልክ የሚከራከርልኝ ልጅ! «ዘጠነኛ ዓመቱ ነው» አለችኝ። ያልሰማሁ መስሏት ደገመችልኝ።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ለመክሰስ አልመጣሁም፤ አስተማሪዎቹም ጥሩ ሰዎች ናቸው። ነገሩ ከአንድ ትምህርት ቤት በላይ ስለሆነ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

አልተነገረኝም ብል ደግሞ ዋሸሁ። በሕጉ መሠረት ትምህርት በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ለወላጅ ደብዳቤ ይላካል። የኔም ይመጣ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ስፈልግ ስድስቱን አገኘኋቸው። ሁለቱ በአማርኛ ናቸው። አማርኛው ግን ራሱ አስተርጓሚ ይፈልጋል። «አጠቃላይ የቋንቋ ብቃት ድምር ውጤት» ይላል አንዱ። ጎኑ 4.1 የሚል ቁጥር አለ። ከስንት? ጥሩ ነው መጥፎ? አይልም። ስንት ዓመት ሆነው? እሱንም አይልም። ፈርሜ ቦርሳው ውስጥ መለስኩት። በዓመቱም እንዲሁ። ስድስት ጊዜ ፈርሜአለሁ ማለት ነው፣ አንዴም ሳይገባኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። አሁን የምለውን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ወላጆች ይስሙት።

«እንግሊዝኛ ተማሪ» የተባሉ ልጆች የሚወስዱት አክሰስ የሚባል ፈተና አለ። የሚያዘጋጀው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያለው ዊዳ የሚባል ድርጅት ነው። እኛም፣ ቨርጂኒያም፣ ዲሲም እንጠቀምበታለን። ልጆቹ በየዓመቱ ከፈረንጅ አዲስ ዓመት በኋላ አራት ነገር ይፈተናሉ፤ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ። አራቱ ግን እኩል አይመዘኑም። ማንበብ 35 በመቶ ነው፣ መጻፍ 35 በመቶ። ማዳመጥና መናገር 15፣ 15 ብቻ ናቸው።

ነገሩ የበራልኝ ይሄኔ ነው። ልጄ አፉን ሞልቶ የሚያወራው እንግሊዝኛ ከመቶ ሠላሳውን ብቻ ነው የሚይዝለት። ሰባው ያለው ማንበብና መጻፍ ላይ ነው። እኔ ያመንኩት ጆሮዬን ነው። አስተማሪዎቹም መሰለኝ እንደኔው ጆሯቸውን አመኑ። ከጓደኞቹ ጋር ሲቀልድ ሲሰሙት «ይሄ ልጅ ደህና ነው» ብለው አለፉ።

ሌላም አለ። ፈተናው ከክፍሉ ጋር አብሮ ያድጋል። የአራተኛ ክፍል 4.1 እና የስምንተኛ ክፍል 4.1 አንድ አይደሉም። ስለዚህ ልጄ ቆሟል ማለት አይቻልም፤ በየዓመቱ ይወጣል፣ መሰላሉም በየዓመቱ ይረዝማል። እሱ ሲፈተን ከኢሶል መውጫው ውጤት ከ6 ውስጥ 4.5 ነበር። የሱ ውጤት ሦስት ዓመት ተከታትሎ 4.1፣ 4.2፣ 4.1 ነው። ለጥቂት!

አንድ ማታ ቁጭ አድርጌ ጠየቅኩት። ፈተናው ላይ ምንድን ነው የምታደርገው አልኩት። «ማይክ ላይ ማውራት አለ። ሁሉም ልጅ አንድ ላይ ስለሚያወራ ያሳፍራል። መጻፉ ላይ ሁለት መስመር ጽፌ እወጣለሁ። ምሳ ሰዓት ይደርሳላ» አለኝ። «ብታልፍ እኮ ከኢሶል ትወጣ ነበር» ስለው ቀና ብሎ አየኝ። «ማን አለሽ?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፈተናው ለምን እንደሚሰጠው የነገረው ሰው አልነበረም። ስማቸው ለመጥራት የሚከብድ ልጆች የሚፈተኑት ነገር ነበር የሚመስለው።

አሁን ስለ ሌላ ልጅ ላውራችሁ። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ሲገባ ከአዲስ አበባ አንድ ልጅ መጣ። አምስተኛን እዚያ ጨርሶ ነው። ሁለቱንም አንድ የኢሶል ክፍል አስቀመጧቸው። አስተማሪዋ ልጄን «አስተርጉምለት» አለችው። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። «እማ፣ ፍራክሽን በአማርኛ ምንድን ነው?» ክፍልፋይ አልኩት። «ክፍል ምን?» ሦስቴ ደጋግሜ ነገርኩት። በኋላ ሲነግረኝ ግን ልጁ ክፍልፋዩን ከሱ በላይ ይሠራው ነበር።

ያ ልጅ ባለፈው ዓመት ወጣ። በሦስት ዓመት! የኔው እዚያው ነው።

ብዙ አሰብኩበት። ያ ልጅ ሲመጣ እንግሊዝኛ አልነበረውም፤ ማንበብ ግን ነበረው። ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ዋናውን ነገር ማውጣት፣ አንቀጽ ጀምሮ መጨረስ በአማርኛ ተምሯል። እሱ የጎደለው ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ይመጣል። የኔ ልጅ ቃሉ ሞልቶታል። የጎደለው የሳይንስ መጽሐፍ ላይ ያለውን ረጅም አረፍተ ነገር መፍታት ነው። «ምክንያቱም» እና «ይሁን እንጂ» የሚያያይዙትን ሐሳብ መከተል ነው። እንግዲህ እነዚህ ሁለት ልጆች ምን ያገናኛቸዋል? አንዱ «ደህና አደራችሁ» ማለት ሲማር ሌላው መስኮት መስኮት ያያል። ሌላው የሚፈልገውን ቢያስተምሩ ደግሞ አንዱ ይጠፋዋል። አስተማሪዋ ምን ታድርግ?

የኔንም ጥፋት ልናገር። ልጁ ትንሽ እያለ አንድ የተማረ ሰው «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት፣ ይደናገራል» ብሎ መከረኝ። ሰማሁት። አማርኛዬን አስቀምጬ በሰባራ እንግሊዝኛ አሳደግኩት። «ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አድርግ» ለማለት ይበቃኛል። «ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» ሲለኝ ግን በእንግሊዝኛ መልስ አልነበረኝም። በአማርኛ ቢሆን እንቅልፍ እስኪወስደው አወራለት ነበር። ይህ ምክር ዛሬም ለወላጆች ይሰጣል። እባካችሁ አስቁሙት። ሜሪላንድ ሁለት ቋንቋ አሳምሮ ለሚያውቅ ተመራቂ ዲፕሎማው ላይ ማኅተም ትሰጣለች፤ እኛ ደግሞ ገና በአምስት ዓመቱ አንዱን እናስጥለዋለን።

ልጄ ብቻውን እንዳልሆነም ገባኝ። በፈረንጆች 2010 ካሊፎርኒያ ውስጥ በ40 የትምህርት ወረዳዎች ጥናት ተደርጎ ነበር። በሚድል ስኩልና በሃይስኩል ካሉት እንግሊዝኛ ተማሪዎች 59 በመቶው ከስድስት ዓመት በላይ አሜሪካ ውስጥ የተማሩ ሆነው ተገኙ። ሰው «እንግሊዝኛ ተማሪ» ሲባል ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ልጅ ነው የሚታየው። ከግማሽ በላዩ ግን እዚሁ ያደገ ነው። ካሊፎርኒያ በ2012 እነዚህን ልጆች በሕግ ለይታ ስም ሰጠቻቸው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ሕዝብ በሚያየው የትምህርት ቤቶች ዳሽቦርድ ላይ ለብቻቸው ይታያሉ። ኒውዮርክም ስድስት ዓመት አገልግሎቱን አግኝቶ ያልወጣውን ለይታ ትቆጥራለች።

እናንተም ቁጥሩ አላችሁ። በ2015 የወጣው የፌዴራል ሕግ በአምስት ዓመት ውስጥ ያልወጡት ቁጥራቸውና መቶኛቸው ሪፖርት ይደረግ ይላል። ስለዚህ ልጄ አምስተኛ ዓመቱን ሲደፍን አንድ ሰንጠረዥ ላይ ተቆጥሯል። አንድ ሰው አይቶታል። ከዚያ ሰንጠረዥ እስከ እኔ ቤት ያለው መንገድ ነው የጠፋው።

የምጠይቀውም መጀመሪያ ይህንኑ ነው። አራተኛው ዓመት ሲያልቅ፣ ማለትም ሳይረፍድ፣ ወላጅ ይጠራ። ደብዳቤ ብቻ አይበቃም፤ ይጠራ። ተርጓሚ ይኑር፤ የጎረቤት ልጅ ሳይሆን ሥራው የሆነ ሰው። ወረቀቱ ላይ በትልቁ «ልጅዎ በዚህ ፕሮግራም አራት ዓመት ሆኖታል» ተብሎ ይጻፍ። አራቱ ውጤቶች ለየብቻ ይቀመጡ። ልጁን እንዳይወጣ የያዘው የትኛው ነው? ማንበብ ነው? መጻፍ ነው? ከዚያ «በሚቀጥለው ዓመት ይህንን እንቀይራለን» የሚል አንድ መስመር ይኑር። ልጁም እዚያው ይቀመጥና ይስማ። የሱ ጉዳይ አይደል?

«ይህንን እንቀይራለን» የሚለው ላይ ላስምርበት። በ1981 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከቴክሳስ የመጣ ክስ ሲያይ ለእንደዚህ ዓይነት ፕሮግራም ሦስት መመዘኛ አስቀመጠ። በእውቀት ላይ የተመሠረተ ነው? በሚገባ ተሠርቶበታል? ውጤትስ አመጣ? ሦስተኛው ጥያቄ ለኔ ልጅ ተጠይቆ አያውቅም። ሰባት ዓመት ያልሠራ ነገር ለምን ስምንተኛው ዓመት ላይ ይደገማል? ብሉፕሪንት የሚባለው የ2021 ሕጋችን ለእያንዳንዱ እንግሊዝኛ ተማሪ ተጨማሪ ገንዘብ ይመድባል። ለኔም ልጅ ተመድቦለታል ማለት ነው። ገንዘቡ የት ገባ አላልኩም። ምን ተማረበት ነው ያልኩት።

ለነዚህ ልጆች ሌላ ክፍል ያስፈልጋል። ማንበብና መጻፍ ላይ የሚያተኩር፣ ከአዲስ መጤዎቹ የተለየ፣ ከሳይንሱና ከታሪኩ ትምህርት ጋር የተያያዘ። የሳይንስ አስተማሪውም «እንግሊዝኛው የኢሶል አስተማሪዋ ጉዳይ ነው» እንዳይል። ደግሞ ባንዱን አትውሰዱበት! ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት የሚያስመጣው አንድ ክፍለ ጊዜ እሱ ብቻ የሆነ ልጅ አለ።

አንዳንድ ልጅ ላይ ደግሞ ነገሩ ቋንቋ ላይሆን ይችላል። የጎረቤቴ ልጅ ፊደል ይገለባበጥባት ነበር። «ሁለት ቋንቋ ስላለባት ነው፣ ጠብቂ» እየተባለች ስድስተኛ ክፍል ደረሰች። ሲመረመር ዲስሌክሲያ የሚባል የማንበብ ችግር ሆኖ ተገኘ። አራትና አምስት ዓመት የቆየ ልጅ ሁሉ ይህ እንዲታይለት አድርጉ። ሁሉም አለበት ማለቴ አይደለም። ይታይ ነው።

ለኛ ለወላጆችም አንድ ነገር። «ልጄ እንግሊዝኛ አይችልም ትሉኛላችሁ?» ብለን ተቆጥተን አገልግሎቱን እምቢ የምንል አለን። መብታችን ነው፤ መፈረም ይቻላል። ግን «እንግሊዝኛ ተማሪ» የሚለው ከልጁ ስም ላይ አይፋቅም። እስኪያልፍ ድረስ በየዓመቱ ይፈተናል፤ ድጋፉን ብቻ ነው የምናስቀርበት። እኔም ካውንስለሯ በነገረችኝ ቀን ልፈርም ብዕር ይዤ ነበር። ባልፈረምኩ ኖሮ ይሻል ነበር የምለው ግን ሳይገቡኝ የፈረምኳቸውን ስድስቱን ደብዳቤዎች ነው።

ልጄ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ነው። ፈተናው በጃንዋሪ ይጀምራል። ዘንድሮ ለምን እንደሚፈተን ያውቃል፤ ማታ ማታ እሱ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ አንድ አንድ ገጽ እናነባለን። ባንድ ግን አሁንም አልገባም።

መልሳችሁን በአማርኛም በእንግሊዝኛም እቀበላለሁ። በእንግሊዝኛ ከሆነ ልጄ ያነብልኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሲልቨር ስፕሪንግ እናት