ቀኝ እጄን አይታችሁ አትፍረዱ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ከ30 ዓመት በላይ ልብስ እየሰፋሁ ኖሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለመደንዘዝ ሕመም ኦፕራሲዮን በተደረገልኝ በቀኝ እጄ አውራ ጣት ምክንያት ነው። ከጣቴ ሥር ያለው የመዳፌ ሥጋ ሟሙቶ ጎድጉዷል። ቀሚስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሴቶች ያዩትና «ኦፕራሲዮኑ ነው እንዲህ ያደረገሽ?» ይሉኛል፤ መልሴን ሰምተው ሳይጨርሱ ወሬው ሰፈር ይደርሳል። ባለፈው ወር ለእጇ ቀዶ ሕክምና የተቀጠረች አንዲት ጥልፍ ሠሪ፣ የእኔን እጅ አይታ ቀጠሮዋን እንደተወች ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ።

እጄን የጎዳው ቢላዋ አይደለም፤ ኦፕራሲዮኑን ሳላደርግ ስድስት ዓመት መቆየቴ ነው።

መደንዘዝ የጀመረኝ በ2000 ዓ.ም. ነበር። አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና የመሃል ጣቴ ይደነዝዛሉ፤ ትንሿ ጣት ግን ምንም አትሆንም። ሌሊት እየነዘረኝ እነቃና እጄን ሳራግፈው ትንሽ ይተወኛል። «ብርድ ነው» አሉኝ። ወጌሻ አሸኝ፤ ቅቤና ጤና አዳም ተቀባሁ፤ አንድ ክሊኒክም ዓመት ሙሉ በቫይታሚን መርፌ አመላለሰኝ። አንድ ቀን ልብስ ስተኩስ ካውያው ሌባ ጣቴን አቃጠለው። ሕመሙ ሳይሰማኝ ሽታው ነው ያስደነገጠኝ። መርፌ መያዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ለልጅ ማጉረስ እንኳ አቃተኝ።

በ2006 ዓ.ም. ያየኝ ሐኪም የእጅ አንጓዎቼን አጥፌ አንድ ደቂቃ እንድቆይ አደረገኝ። ደቂቃው ሳይሞላ ጣቶቼ ደነዘዙ። ይህ ምርመራ በአሜሪካዊው ሐኪም በጆርጅ ፌለን ስም እንደሚጠራ በኋላ ነርስ የሆነችው ልጄ ነገረችኝ። በሽታው ካርፓል ተነል ይባላል፤ በእጅ አንጓ ላይ እንደ ድልድይ የተጋደመ ጠንካራ ጅማት አለ፤ ከሥሩ የሚያልፈው ነርቭ ሲጨቆን ነው የሚመጣው። ስኳር ያለባቸው፣ የእንቅርት ዕጢያቸው ሥራ የቀነሰባቸውና ነፍሰ ጡሮች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሟሟውን ሥጋ በጣቱ እያሳየ «ይህ ተመልሶ ላይሞላ ይችላል፤ ዘግይተሻል» ብሎኛል። ይህን ቃል ሰፈሩ ሁሉ ቢሰማልኝ ደስ ባለኝ!

እጄን ብቻ አደንዝዘው ጅማቱን ቆረጡት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ነው የወሰደው። ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ሕመም በዚያው ሳምንት ጠፋ፤ እስከ ዛሬ ድረስ አልተመለሰም። የመዳፌ ሥር ግን አራት ወር ያህል ያመኝ ነበር፤ ከመሬት ስነሣ በእጄ መደገፍ አልችልም ነበር። ስሜቱ የተመለሰው ቀስ ብሎ ነው። ነርቭ ሲያድግ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና ዓመት አለፈው፤ የሌባ ጣቴ ጫፍ ዛሬም ጨርቅ የለበሰ ይመስለኛል። ሥጋው እንደተባለው አልሞላም።

ግራ እጄ በ2007 ዓ.ም. ሲጀምረው ግን አልጠበቅሁም። ሦስት ወር ሌሊት ሌሊት አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አሰርሁ። አንዳንድ ሰው በዚህ ብቻ ይሻለዋል፤ እኔን አልበቃኝም። በ2008 ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። ዛሬ ክር በመርፌ የማሾልከው በግራ እጄ ነው፤ ጠባሳው እንኳ ካላሳየኋችሁ አይታይም።

ለዚያች ጥልፍ ሠሪ መልእክት ልኬባታለሁ። ይህን ካነበበች ወደ ሱቄ ትምጣ፤ ሁለቱንም እጆቼን አንድ ላይ አሳያታለሁ፤ ቀጠሮዋንም ካስመለሰች አብሬያት እሄዳለሁ።

አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከባሕር ዳር