የእናቴን ክር ለጨረሳችሁልኝ

እናቴ ካረፈች ዓመት ሞላት። ሙት ዓመቷም በሰላም አለፈ። እንዴት እንደከረምን ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። ዛሬ የምጽፈው ሳሎናችን ውስጥ ስለተሰቀለው ጨርቅ ነው። አይታችሁት እንባ የመጣባችሁ ብዙ ናችሁ። "እጅሽ ይባረክ" ብላችሁኛል። የኔ እጅ ብቻ ግን አይደለም።

እናቴ ፈታይ ነበረች። ስታርፍ ሙዳይዋ ውስጥ አራት ልቃቂት አገኘን። አንዱ ደግሞ ከነእንዝርቱ፣ ተጀምሮ የቀረ። ጥቅምት 2014 ላይ ከደሴ ስንወጣ እንኳ ከልብስ በፊት ያነሳችው ያንን ሙዳይ ነው።

ክሩን ይዤ በሐረጎ ወርጄ ኮምቦልቻ ሸማኔ ዘንድ ሄድኩ። ድሩ የፋብሪካ ክር ይሁን፣ ማጉ የእሷ ይሁን ተባባልን። ሸማኔው አባባ ልቃቂቱን በመዳፋቸው መዘን አድርገው "ልጄ፣ ይሄ ግማሹን ነው የሚያወጣው" አሉኝ። የቀረውን ከገበያ ልገዛ ወሰንኩ።

ይህን እቴቴ ሰሙ። የግድግዳ ጎረቤታችን፣ የእናቴ የአርባ ዓመት ቡና አጣጭ። "ምን ሲደረግ! ጥጡን አምጪልኝ፣ አብሽሪ" አሉኝ።

እቴቴ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት? ዘንድሮ የእርስዎ ረመዳንና የኛ ዐቢይ ጾም ገጥመው ነበር። ቀን ሲጾሙ ውለው፣ ካፈጠሩና ከሰገዱ በኋላ እንዝርቱን ያነሳሉ። እኔ ባዘቶውን አቀብላለሁ። ዓይንዎ እንደ ድሮው አይደለም፣ የእናቴን ክር የለኩት በጣትዎ ነው። ጫፉን በሁለት ጣት ሲያሹት ቆይተው "የናትሽ እጅ ቀጭን ነው፣ የኔ ደንደን ይላል" አሉ። ደንደን ያለውን አስቀምጠው እንደገና ጀመሩ። እሱንም አስቀመጡት። ሦስተኛው ላይ ነው ልክ የመጣው። ያን ለሊት "አሁን እሷን መሰለ" ብለው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ከእንዝርቱ ያልወረደውን ግን አልነኩትም። "ይሄ የሷ ነው፣ እንዳለ ይኑር" ብለው መለሱልኝ።

ደግሞ እንዳልረሳው፣ እናቴ የታመመች ሰሞን አጥሚት በየማለዳው ማን እንዳመጣ አውቃለሁ። ያን ጊዜ አመሰግናለሁ ለማለት አፍ አልነበረኝም።

ኮምቦልቻ ያሉት አባባ የተቀበሉኝ የድሩን ዋጋ ብቻ ነው። የእናቴ ማግ አልቆ የእቴቴ ሲጀምር መወርወሪያውን አቁመው "መጋጠሚያውን ልደብቀው?" ብለው ጠየቁኝ። አይደበቅ አልኩ። ስለዚህ ቋጠሯት። ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ ጣታችሁን ብታሳርፉበት ትጎረብጣለች። ከቋጠሮዋ በታች እናቴን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠለፍኳት። ቀሚሷ ከራሷ የፋሲካ ቀሚስ የተቆረጠ ነው። ከእጇ የሚወርደው ክር ጥልፍ አይደለም። ያ ሳይጨረስ የቀረው ክር ነው፣ እንዝርቱም ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል።

የቅሬያችን (የዕድራችን) አባላት፣ የሰፈራችን ሰዎች፣ ከሩቅም ከቅርብም የደወላችሁ፣ ዘመድ አዝማድ፣ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈልልኝ። ለየብቻ ሳልጠራችሁ ለቀረሁት ይቅር በሉኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

እቴቴ፣ ከፈተሉት ላይ አንዲት ትንሽ ልቃቂት ተርፋ እርስዎ ጋ አለች። ትናንት "ውሰጃት" ብለውኛል። አልወስዳትም። እርስዎ ጋ ትቀመጥልኝ።